አንድም ቀን ያልተጠራሁ አባት

መቱ ውስጥ አናጢ ሆኜ ስኖር ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ፊደል የለየሁት በልጅነቴ ጎሬ ላይ ነው፤ ከቄስ ትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆሜ የልጆቹን ድምፅ እየሰማሁ። ማንበብ የለመድኩት ደግሞ ስኳርና ምስማር ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ለትምህርት ያለኝ ክብር ከተማሩት ሰዎች ክብር ይበልጣል ብዬ አምን ነበር። አሁን ሳስበው ክብር ብቻ አልነበረም፣ ቁጭትም ነበረበት። ቁጭት ያለበት ሰው ልጅ ሲያስተምር እጁ ይከብዳል።

የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊም ነኝ፤ ለባለጉዳይም ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን ጽፌ ቀብሩ ላይ አነባለሁ። በወረቀት ላይ ሐሰት አያሰፍርም የሚል ስም አለኝ። አንድ ጊዜ የሟች ቤተሰቦች “ከጎረቤት ጋር በፍቅር የኖሩ” ብለህ ጻፍልን አሉኝ። ሰውየው የጎረቤቱን መተላለፊያ አጥሮ ለዓመታት ፍርድ ቤት ያመላለሰ ነበርና እንቢ አልኩ። በመጨረሻ “በሥራቸው ታታሪ የነበሩ” በሚለው ተስማማን። ይህን የማነሳው ለመመጻደቅ አይደለም፤ በኋላ ለምናገረው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ሦስት ልጆች አሉኝ። ሁለቱ ወንዶች ናቸው፣ የመጨረሻዋ ሴት ናት። ይህ ጽሑፍ ስለ እሷ ነው።

ልጆቼ አንደኛ ክፍል በገቡ ቀን ለእያንዳንዳቸው የምነግራቸው አንድ ነገር ነበረ። ለሴቷም ሳልቀንስ ነገርኳት፦ “ወላጅ አምጪ ተብለሽ በአንቺ ምክንያት የተጠራሁ ቀን ከትምህርት ቤት ትወጫለሽ። ሁለተኛ ዕድል የለም።” በዚያ ዕድሜዋ የገባት አይመስለኝም ነበር። ገብቷት ኖሯል። አሥር ዓመት ሙሉ ይዛው ኖረች።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቷን በሚመለከት የምጠይቃት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረ፤ ካርድ ስታመጣ “ስንተኛ ወጣሽ?” እላለሁ። አራተኛ ስትል እፈርማለሁ። አሥረኛ ስትል ዝም ብዬ እፈርማለሁ፣ ዝምታዬ ግን ቤቱን ይሞላዋል። ክፍሉ ውስጥ ማን አጠገብ እንደምትቀመጥ፣ የትኛው መምህር እንደሚያስፈራት፣ እጇን አውጥታ ታውቅ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። የአባት ሥራ አይመስለኝም ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ሳለች ከሥራ መልስ ከጋዜጣ ላይ እያነበብኩ የቃል ጽሕፈት አጽፋት ነበር። አንድ ቀን አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሳተች። በጥፊ መታኋት። የመታኋት በቀኝ እጄ ነው፣ ያረፈው በግራ ጆሮዋ ላይ ነው፣ እጄም የአናጢ እጅ ነው። አላለቀሰችም። አራተኛ ጊዜ አስተካክላ ጻፈችውና “ይኸው” አልኩ ለእናቷ፣ እንዳሸነፈ ሰው። ከሳምንት በኋላ ጆሮዋ መግል ያዘ። እናቷ ዘይት እያሞቀች ጠብ ታደርግላት ነበር። ብርድ ነው ተባባልን፤ መቱ ደግሞ ብርድና ዝናብ አያጣም። መግሉ ደረቀ፣ ዳነች ብለን ተውነው።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ዝምተኛ ሆነች። ዝምታዋን እንደ ስሜቴ እተረጉመው ነበር። ደስ ሲለኝ ጨዋነት ነው፤ ሲከፋኝ ንቀት ነው። ጠርቻት ካልመጣች “አባትሽ ሲጠራሽ ጆሮ ዳባ ልበስ ትያለሽ?” እያልኩ እቆጣለሁ። እሷም “አልሰማሁም አባባ” ትላለች። እውነቷን ነበር። እኔ ሰበብ ነው የመሰለኝ።

ዘጠነኛ ክፍል የገባችው በየክፍሉ ፕላዝማ በተሰቀለ ሰሞን ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን መምህሩ ራሱ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር የሚያስረዳቸው። ዘጠነኛ ላይ ሁሉም እንግሊዝኛ ሆነ፣ የሚናገረውም መምህሩ መሆኑ ቀርቶ በብረት ሳጥን ውስጥ ያለ ቴሌቪዥን ሆነ። ቴሌቪዥኑ አይጠብቅም፣ ድገምልኝ ቢሉት አይደግምም። ሰው ሲናገር ከንፈሩን እያየ የሚከታተል ልጅ፣ ሥዕልና ቁጥር ብቻ ከሚያሳይ ሳጥን ምን ያገኛል? ያን ጊዜ ግን እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አምስተኛ የነበረች ልጅ ሠላሳ አንደኛ ወጣች። ካርዷን ፈርሜ ለሁለት ቀን አላናገርኳትም።

በሥራ ቦታዬ ግን ወሬዬ ሌላ ነበር። ደንበኞቼ ስለ ልጆቻቸው ሲያማርሩ፣ አንዱ ልጄ ተጣልቶ ተጠራሁ፣ ሌላው ልጄ ቀርታ ተጠራሁ ሲሉ፣ መላጊያዬን ሳላቆም “እኔ ሦስት ልጅ አስተምሬ አንድም ቀን ተጠርቼ አላውቅም” እላለሁ። ደጋግሜ ብያለሁ። ከሰሚዎቹ መካከል አንዱ ጫማ ሰፊው ነበር።

ጫማ ሰፊውን መቱ ውስጥ የማያውቀው ተማሪ የለም። መምህራኑ ከማይጠቀሙበት ከትምህርት ቤቱ የኋላ በር አጠገብ ከሾላው ሥር ላስቲክ ወጥሮ ይቀመጣል። በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልወለደ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ቀላቅሎ ይናገራል፣ ሴት ተማሪዎችን ሁሉ “ኢንተላ” ነው የሚላቸው፣ ልጄ ለማለት። በዕድር አብረን ነን። ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጦ የማይናገር ሰው ነው።

ልጄ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ አገር አቀፉን ፈተና በወሰደችበት ክረምት ትምህርት ቤቱ የተሰባበሩ ዴስኮች እንድጠግን ቀጠረኝ። ለሦስት የተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ልጅ ሲቀመጥ መገጣጠሚያው አይችልም። ነሐሴ ላይ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ አንድ ክፍል ውስጥ ሆኜ እቸነክራለሁ። አንድ ወጣት መምህር አገሩ ሳይሄድ ክረምቱን እዚያው የቀረ፣ ሥራ የፈታ፣ እየመጣ ያጫውተኛል። ጋሼ ይለኛል፤ ስሜን አልጠየቀኝም፣ ለሱ ጋሼ አናጢው ነበርኩ።

ያን ቀን ከጠገንኩት ዴስክ ላይ ተቀምጦ ብሶቱን ያወራኝ ነበር። ፕላዝማው ሲናገር እሱ ዳር ቆሞ እንደሚያይ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሳይዘጋጅ አስተምር እንደሚባል፣ ከልጆቹ ግማሾቹን በስም እንኳን ሳያውቅ ዓመቱ እንደሚያልቅበት። ቀጥሎ ወላጆችን ወቀሰ። ሲጠሩ አይመጡም፣ ሲመጡም ልጁን እዚያው ሊደበድቡ ነው አለ። እኔም እንደ ልማዴ አንድም ቀን ተጠርቼ አላውቅም ልለው አፌን ስከፍት እሱ ቀጠለ።

“አንድ አባት ብቻ አውቃለሁ፣ ጋሼ። ደግ ሰው ናቸው። ልጃቸው አንድ ጆሮዋ አይሰማም። ማንም አላስተዋለም ነበር፣ ሰነፍ ናት ነበር የሚባለው። ጠርቼ ስነግራቸው እንባቸው መጣ። ከግራ ግድግዳ አጠገብ፣ ከፊት አስቀምጥልኝ፣ ደህናው ጆሮዋ ወደ ክፍሉ ይሁን ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ሦስት ጊዜ መጥተዋል። ለሆስፒታል ደብዳቤ ጽፌላቸው ነበር፣ ምን እንዳደረሷት እንጃ።”

የማን ልጅ ናት ብዬ ጠየቅሁት። ስሟን ጠራ። የልጄ ስም ነበር። ቀጥሎ የአባቷን ስም ጠራ፤ ስሜ ነበር።

“ምን ዓይነት ሰው ናቸው?” አልኩት።

“ጫማ የሚሰፉ ይመስለኛል፣ እጃቸው ላይ ቀለም አይጠፋም። ትሁት ናቸው። እንደሳቸው ያለ አባት ቢኖረን ኖሮ…” ብሎ ሳይጨርስ ተወው።

አባቷ እኔ ነኝ አላልኩትም። ይህን በመደበቄ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። የያዝኩትን ምስማር ቸነከርኩና የቀረውን ነገ እጨርሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ተማሪዎች አባት እንደሚከራዩ እሰማ ነበር። መናኸሪያው አካባቢ ለሻይ የሚሆን ነገር ሲሰጠው ኮቱን ደርቦ አባት ወይም አጎት ሆኖ የሚቆም አይጠፋም። የሌሎች ሰዎች ልጆች የሚያደርጉት ነገር ነበር ለእኔ። በዝናቡ ውስጥ ስሄድ የማስበው ልጄን ምን እንደማደርጋት ነበር። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ኀዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። ተደፈርኩ ብዬ ነው ያሰብኩት። ጆሮዋ ትዝ ያለኝ በኋላ በር ወጥቼ ሾላው ጋ ስደርስ ነው።

ጫማ ሰፊው ላስቲኩ ሥር ተቀምጦ ነበር። ክረምት ስለሆነ ተማሪ የለም፣ አንድ ቦቲ ጫማ ይዞ ይወጋል። ሳየው ቆምኩ።

“በስሜ ሲጠሩህ ምን ትላለህ?” አልኩት።

ወስፌውን አስቀመጠ። “አቤት እላለሁ” አለ።

“ማን ፈቀደልህ?”

“ማንም። ልጅቷ እያለቀሰች መጣች። ወላጅ አምጪ ተብያለሁ፣ አባቴ ከሰማ እወጣለሁ አለችኝ። አይሆንም ብዬ መለስኳት። በማግስቱም መጣች። አንተን አውቅሃለሁ፣ ያልከውን የምታደርግ ሰው ነህ። እንዳትወጣ ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።”

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ሦስት ጊዜ ልነግርህ ሥራ ቦታህ መጥቼ ነበር አለኝ። ትዝ አለኝ። አንዴ የወንበር እግር ሊያስጠግን፣ ሁለቴ ያለ ጉዳይ መጥቶ ጥግ ላይ ቆሞ ተመልሷል። በመጣ ቁጥር እኔ ተጠርቼ አላውቅም እያልኩ ሳወራ ነው ያገኘኝ።

ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ሁለት ደብዳቤ ነበር። አንዱ የመምህሩ ነው። ሁለተኛው ጫማ ሰፊው ራሱ እዚሁ ሆስፒታል ወስዶ ሲያስመረምራት ሐኪሞቹ ጅማ ትሂድ ብለው የጻፉላት ነው። የተጻፈው ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ነው። ከዓመት በላይ እዚያ ሳጥን ውስጥ ከሙጫና ከክር ጋር ተቀምጦ ነበር።

“ጅማ ለመሄድ ማደር አለ” አለኝ። “የሰው ልጅ ይዤ የት አደርኩ እላለሁ? አንተ ብቻ ነህ ልትወስዳት የምትችለው። አንተ ደግሞ…” ብሎ ዝቅተኛ በርጩማውን ወደ እኔ ገፋ፣ ዝናቡ እየመታኝ ስለነበር። አልተቀመጥኩም።

ቤት ስገባ ልጄ ጓዳው በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። በግራዋ በኩል ሁለት ክንድ ያህል ቀርቤ ቆምኩ። ስሟን ጠራሁ፣ ጮክ ሳልል፣ ሰው ልጁን እንደሚጠራው። ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች። ደግሜ ጠራኋት። አልዞረችም። ከዚያ በቀኟ ዞሬ በዚያው ድምፅ ጠራኋት።

“አቤት አባባ” አለች፣ ፈጥና እየተነሣች።

በእጄ የያዝኩትን ወረቀት አየች። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳም። ስለ ጆሮዋ ይሆናል፣ ስለ ጫማ ሰፊው ይሆናል የምትናገረው ብዬ ጠበቅሁ።

“ከትምህርት ቤት ልወጣ ነው?” አለችኝ።

አይደለም አልኳት። ሌላ ብዙ ማለት ነበረብኝ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ለስንት ባለጉዳይ በማመልከቻ ላይ ጽፌ ሰጥቻለሁ፣ በአፌ መናገር ግን አልተማርኩም ነበር። ሰኞ ጅማ እንሄዳለን ብቻ ብዬ ወጣሁ። እናቷ በረንዳው ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ወረቀቱን አይታ ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችኝም፤ እሷም ስለ ጫማ ሰፊው ታውቅ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ቤቴ ውስጥ የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጅማ ያየን ሐኪም ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። የግራው ጆሮ አብቅቷል አለ፤ ቀኙን ጠብቁት። ቀድሞ ቢታይ መርዳት ይቻል ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ከብዙ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ምናልባት አለ። ምክንያቱን ጠየቀኝ፣ ሕመም ነበራት ወይስ ተመታለች ብሎ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ እኔ በቀኟ በኩል ነኝ፣ የምለውን ሁሉ ትሰማለች። “እኔ መትቻታለሁ” አልኩ። ሐኪሙ መግሉም ሊያደርገው ይችላል፣ ከዚህ በኋላ ለይቶ ማወቅ አይቻልም አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሆናል። በዚያ ቃል ተደብቄ መኖር እችል ነበር፣ የሚያውቁኝም ተደበቅ ይሉኛል። አልፈልግም። ጆሮዋን ያጠፋው መግሉ ነው ብንል እንኳን ያን ሁሉ ዓመት ሳትነግረኝ እንድትኖር ያደረጋት መግሉ አይደለም።

ስንመለስ በደሌ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። እሷ ምግቡን እየቆረሰች ቀስ ብላ፣ ጫማ ሰፊውን እንዳይቆጧቸው አለችኝ። በጅማው ጉዞ ሁሉ የለመነችኝ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ውጤቱ ጳጉሜ ላይ መጣ። ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል የሚያሳልፍ ነጥብ አላመጣችም። መምህሩ ከግራ ግድግዳ ያስቀመጣት ዘጠነኛ ክፍል ሊያልቅ ሲል ነው፣ ያመለጣትም መሠረቱ ነበር። በዓመቱ ድጋሚ እንድትፈተን ለመንኳት፤ እኔ ልጄን ስለምን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አልፈለገችም። “አባባ፣ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ ሆዴን ያመኛል” አለች። እንግዲህ እኔ ሳላስወጣት ወጣች። ስፌት ተምራ ከጎሬ ወዲያ ቡሬ አገባች፣ እዚያው የልብስ ስፌት ቤት አላት። ደህና ናት። ሲደወልላት ስልኩን በቀኝ ጆሮዋ ይዛ ትስቃለች። ስንት ነገር ልትሆን ትችል እንደነበር ግን ሚዛን የለኝም፣ ማንም የለውም።

ጫማ ሰፊው ያለፈው ዓመት ሞተ። ከዚያ ክረምት በኋላ ብዙ አላወራንም። ሰላም እንባባላለን፣ ዕድር ላይ ከጎኑ መቀመጥ ጀመርኩ፣ በዓል ሲሆን ልጄ ከቡሬ ስትመጣ መጀመሪያ የምትገባው እሱ ጋ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድም ቀን አላመሰገንኩትም። ሲታመም አልጋውን አድሼለት ነበር፣ ቀረሮ እንጨት ነው፣ ጥሩ አልጋ ነው። በአልጋ ምስጋና አይከፈልም።

የዕድሩ ሊቀ መንበር የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍ ነገረኝ። አጭር ይሁን አለ፤ ዘመድ ከሩቅ አይደርስለትም፣ ልጅ የለውም፣ የሚሰማው እኛው ነን። ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። የተወለደበትን፣ መቱ የመጣበትን፣ ሚስቱን የቀበረበትን ጻፍኩ። ቀጥሎ የሚመጣው መስመር በሁሉም ሰው ታሪክ ላይ አለ፤ የስንት ልጆች አባት እንደነበሩ የሚለው። በወረቀት ላይ ሐሰት አላሰፍርም ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ ነበር፣ ከገመትነው በላይ። በእሱ የተሰፋ ጫማ አድርገው ያደጉ ሁሉ መጡ። ልጄ ጥቁር ሻርፕ አድርጋ ከመቃብሩ አጠገብ ቆማለች። ወረቀቱን ከማውጣቴ በፊት ሰዎቹን አልፌ በቀኟ በኩል ሄጄ ቆምኩ። ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ መስመር ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ “የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ” ብዬ አነበብኩ።

ሊቀ መንበሩ ቀና ብሎ አየኝ። ልጄ አላየችኝም፣ ዓይኗን ከጉድጓዱ አላነሣችም፣ እጇ ግን ሻርፗን ጭብጥ አደረገ።

አፈር ከለበሰ በኋላ አንድ ከጎሬ የመጣ ሽማግሌ ወደ እኔ ተጠግቶ፣ ልጃቸው የትኛዋ ናት፣ አላውቃትም አለኝ። በእጄ አሳየሁት። ሄዶ ጨበጣት፣ አባትሽ ደግ ሰው ነበሩ አላት። ሌሎቹም እሱን አይተው ተከተሉ፣ እንደ ወጉ ተሰልፈው። እኔም ከሰልፉ መጨረሻ ቆሜ ተራዬን ጠበቅሁ። ስደርስ በቀኟ በኩል ጎንበስ አልኩ።

“እግዚአብሔር ያጥናሽ” አልኳት።